የሊያት «ዊዝ» እና የአባየ ይቅርታ

ሳልጀምር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። «ጊዜ ሲያልፍ ይበርድልሻል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልበረደልኝም። ቁጡ መሆኔን መቼም የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ሙላት ሲያሾፍብኝ «ፈንታነሽ እያለች ለሻይ ምድጃ ማን ያበራል?» ይላል። ይበል። የዚያን ሳምንት ቁጣ ግን ከሌላው ቁጣዬ ሁሉ የተለየ ነው።

ያኔ መዝከረት ባትያ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ጠዋት ገብቼ አሮጊቶቹን አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበት ነው የምንገባው። ሙላት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወደ ኤላት ከወረደ አድሮ ነው የሚመለሰው። ቤታችን ሬሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ነው። የሙላት አባት አባ ዘውዱ፣ እኔ አባየ የምላቸው፣ ከእኛ ሕንፃ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ።

አባየን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሳቸው ይህ ታሪክ አይገባችሁም። ሽማግሌ ናቸው ስል በዕድሜ ብቻ አይደለም። ጎንደር ገጠር ሳሉም እዚህም ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ጎረቤትና ጎረቤት፣ ስንቱ ሳሎናቸው ገብቶ ተላቅሶ፣ ታርቆ ወጥቷል። ሥርዓቱንም ጠንቅቀው ያውቁታል። ሽማግሌ የሰው ቤት ሲገባ «ማን አጠፋ? ምን አጠፋ?» ብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ ብድግ ይልና «ይቅር በሉን» ይላል፤ እሱ ባላጠፋው። ያኛውም ወገን ደንግጦ ይነሣና «ኧረ እኛን ይቅር በሉን» ይላል። ሁለቱም ቀዝቀዝ ሲሉ ነገሩ ይወራል። ከእኛ ሰው ይህን የማያውቅ የለም።

ልጄ ሊያት አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። እዚሁ ስለተወለደች በአማርኛ የጀመረችውን በዕብራይስጥ ነው የምትጨርሰው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ጎበዝ ናት፤ እናቷ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። እዚህ አገር የእንግሊዝኛ ትምህርት በደረጃ ይከፈላል፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይሉታል። ከፍተኛው አምስት ነው። ሊያት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ አምስት የሌለውን ልጅ ደግሞ ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ዞር ብሎም አያየውም። እዚያ ክፍል ለመግባት ከልጅነቷ ጀምራ ስትለፋ ኖራለች። ከእኛ ልጆች በዚያ ክፍል የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ፈረቃዬን ጨርሼ ስልኬን ስከፍት ከትምህርት ቤቱ ደጋግሞ ተደውሏል። መልሼ ደወልኩ፤ የሚያነሣ የለም። ሊያት ጋ ደወልኩ፤ ዘግታዋለች። አውቶቡሱ ሬሆቮት እስኪገባ ድረስ ደጋግሜ ሞከርኩ። ቤት ስደርስ ሊያት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ምንም።»

«ትምህርት ቤት ለምን ደወሉ?»

«ኢማ፣ ዳይ። አለቀ።» አለች በዕብራይስጥ፤ እማ፣ በቃኝ ማለቷ ነው።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

ተነሥታ ቁጭ አለች። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «ወደ ሦስት አወረዱኝ።»

«ማን? በምን ምክንያት?»

«ዶሪት» አለችኝ። ዶሪት የእንግሊዝኛ መምህርቷ ናት። «ፕሮዬክቱን እኔ እንዳልሠራሁት ነው የምታምነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቻት ነው የጻፈልሽ አለችኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ስላት ‹ቤታችሁ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማን አለ?› አለች። ማንም የለም አልኳት። ‹ታዲያ?› አለችኝ።»

«ታዲያ»! እስካሁን ያችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማንበብ የሚችል ልጅ፣ ቤተ መጻሕፍት ባለበት ከተማ፣ ታዲያ ምን?

«ወላጅ ሳይጠሩ ነው ያወረዱሽ?»

«ጠሩ እንጂ። አንቺን አጡ፣ አባቴን አጡ። አባባን ጠሩ።»

«አባየን?»

«መጥተው ይቅርታ ጠየቁልኝ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቀስ እያልኩ ነገሩን አወጣጣኋት። አባየ ተደውሎላቸው «የልጅ ልጅዎ ከመምህርቷ ጋር ተጋጭታለች» ሲባሉ ኮታቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው በእግራቸው ሄደዋል። ቢሮው ውስጥ ርእሰ መምህርቷና ዶሪት ተቀምጠዋል። ባየችም አለች፤ ባየች የእኛው ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤቱ በቤተሰብና በመምህራን መሃል እንድታስተረጉም የቀጠራት። አባየ እንደገቡ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው «ልጃችን አጥፍታ ከሆነ ይቅር በሉን፤ ልጅ ናት» አሉ። ባየችም «አያቷ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ልጅ ናት ይላሉ» ብላ ተረጎመች። ርእሰ መምህርቷ ደስ አላት። «ቤተሰቡ ካመነ እኛም አናከብደውም። ቅጣት አይኖርም፤ ወደ ሦስት ትዛወርና ያበቃል» አለች። ለሊያትም «አያትሽን አመስግኚ» አለቻት። እሷ ደግሞ አያቷ ከተናገሩ በኋላ አፏን መክፈት ነውር መስሏት ዝም አለች።

እሳት ለበስኩ። በነጠላ ጫማ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

አባየ ቤት ስገባ ፊታቸው በርቷል። ሬዲዮናቸውን ቀነስ አደረጉና ወንበር አሳዩኝ።

«ነይ ነይ፤ እንኳን መጣሽ። ጨርሼልሻለሁ።»

«ምኑን አባየ?»

«የልጅቷን ነገር ነዋ! ደህና ሴቶች ናቸው እኮ። ውኃ ሰጡኝ፣ ጨብጠውኝ በሰላም ተለያየን።»

አያችሁ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ሕንፃ በጩኸት አነቃንቀው ነበር። በአባየ ፊት ግን ድምፄን አንሥቼ አላውቅም። ቁጣዬን ዋጥኩና የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሊያት ምንም እንዳላጠፋች፣ ሌባ ተብላ ከክፍሏ እንደወጣች፣ የወጣችውም «ቤተሰቡ አምኗል» ተብሎ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠየመ።

«እኔ እኮ አጥፍታለች አላልኩም» አሉ።

«ይቅርታ ብለዋል አባየ። እነሱ ዘንድ ይቅርታ የሚል ያጠፋ ሰው ነው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ያጠፋማ በሰው እየተጎተተ ነው የሚመጣ፤ መች በራሱ እግር መጥቶ ይቅርታ ይላል?»

«ነገ አብረውኝ ይሂዱና ‹ይቅርታዬን አንሥቻለሁ› ይበሉልኝ።»

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ትያለሽ? ይቅርታ ይነሣል? ከአፌ የወጣ ይቅርታ ተመልሶ አያውቅም። ይህን ካደረግሁ ነገ ማን ፊቴ ይቀመጣል? ማን በቃሌ ያድራል?»

«እንግዲያውስ የልጂቱ ነገር ይቅርና የእርስዎ ስም ይኑር!» ብዬ ወጣሁ። በሩን አልወረወርኩትም፤ ግን ለመወርወር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቤት ስመለስ ሊያት ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ዳቦ እየቆራረሰች አትበላም። ያኔ ነው አንድ ነገር ያልጠየቅኋት መሆኑ ትዝ ያለኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«አይገባሽም ኢማ።»

«ይገባኛል። ያላ፣ ንገሪኝ።»

ተነፈሰች። «አንድ ተራ ቃል ምረጡና ትርጉሙን፣ አጠቃቀሙን፣ ከየት እንደመጣ አጥንታችሁ አምጡ ተባልን። ሌሎቹ ‹ፒዛ›፣ ‹ሮቦት› ምናምን መረጡ። እኔ ‹ዊዝ›ን መረጥኩ።»

«ዊዝ ምንድን ነው?»

«‹ኢም› ማለት ነው። ‹ጋር›።»

«ስለ ‹ጋር› ደግሞ ምን ይጻፋል?»

በዚያ ሁሉ መሃል ፈገግ አለች። «ስሚኝ። ከጓደኛዬ ጋር በላሁ ስትይ ዊዝ ነው። ዳቦውን በቢላ ቆረጥኩ፣ እሱም ዊዝ። ጢም ያለው ሰውዬ፣ ዊዝ። በደስታ ተቀበለችኝ፣ ዊዝ። በአማርኛ ‹ጋር› እንላለን፣ ‹በ› እንላለን፣ ‹ያለው› እንላለን፤ እነሱ በዚያችው በአንዲቷ ይገላገላሉ።»

«እሽ፣ ከየት መጣች?»

«እሱ ነው የሚገርመው። በጥንት እንግሊዞች ጊዜ ዊዝ ‹ጋር› ማለት አልነበረም። ‹በተቃራኒ›፣ ‹ፊት ለፊት ገጥሞ› ማለት ነበር። ለ‹ጋር› ሌላ ቃል ነበራቸው፣ ‹ሚድ› የምትባል። ቀስ በቀስ ዊዝ ቦታዋን ቀማቻትና ሚድ ጠፋች። አሁን የተረፈችው ‹ሚድዋይፍ› ውስጥ ነው፤ አዋላጅ ማለት ነው፣ ከሴትዮዋ ጋር ያለች። የድሮው ዊዝ ደግሞ ‹ዊዝስታንድ› ውስጥ አለ፤ የመጣብሽን ተቋቁመሽ መቆም። ከቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ መዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት።»

«ተቃራኒ የነበረ ነገር እንዴት ብሎ ‹ጋር› ይሆናል?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅሁት!» አለች፤ ሐዘኗን ረስታው ነበር። «ከዚያ የአባባ ሳሎን ትዝ አለኝ። ሰው ሲገባ ‹ከሱ ጋር ተጣላሁ› ይላል። ሲወጣ ‹ከሱ ጋር ታረቅሁ› ይላል። ለጠቡም ለእርቁም ያችው ‹ጋር› ናት። የእንግሊዞቹም ዊዝ እንደዚያ በጠቡ በር ገብታ በእርቁ በር ሳትወጣ አልቀረችም ብዬ ጻፍኩ። አማርኛውንም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ አስገባሁት።»

እንግዲህ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የአባየን ሳሎን ኮምፒውተር አያውቀውም። ዶሪት ያን ገጽ አንብባ «ይህ ከየት መጣ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። አልጠየቀችም። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከሊያት ጋር ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ማን ተቀምጧል መሰላችሁ? አባየ። ያው ኮት፣ ያው ነጠላ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው። «ደህና አደራችሁ?» አሉን። ምን ሊሉ እንደመጡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ የትናንቱ አፌ አሳፍሮኝ ነበር። ዛሬም ገብተው ይቅርታ ቢደግሙስ?

ባየች መጣች። እጇን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳት።

«ባየች፣ አንቺ የእኛ ልጅ አይደለሽም? የሽማግሌ ይቅርታ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

«ፈንታ፣ ያሉትን ነው የተረጎምኩት። ቃል ጨምሬ ብናገር ‹ከራስሽ ፈጠርሽ› ይሉኛል። እንጀራዬ ነው።»

«የልጄስ እንጀራ?»

ዓይኗን ሰበረች። ስንት ጊዜ የእኛን ሰው ቃል እንዲህ ራቁቱን አሳልፋ ሰጥታለች ብዬ አሰብኩና የባሰ ተናደድኩ።

ገባን። ርእሰ መምህርቷ ከጠረጴዛዋ ጀርባ፣ ዶሪት በጎን በኩል። ዶሪት ክፉ ፊት የላትም፤ ክፉ ፊት ቢኖራት ይሻል ነበር። እንደሚያዝን ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምታወራው።

«ጉዳዩ ትናንት የተዘጋ መስሎኝ ነበር» አለች ርእሰ መምህርቷ።

«ከእኔ ጋር አልተዘጋም» አልኩ። «እናቷ እኔ ነኝ። ልጄ የራሷን ሥራ ነው ያመጣችው።»

ዶሪት ጣልቃ ገባች፦ «ውዴ፣ ማንም አልተቆጣትም። የዚህ ዓይነት ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አይሠራውም። የጥንት እንግሊዝኛ! ሊያት ጥሩ ልጅ ናት፤ ሦስት ውስጥ ጭንቀት አይኖርባትም። ለእሷው ብዬ ነው።»

እኔ ስናደድ ዕብራይስጤ ጥሎኝ ይጠፋል። ያለወትሮዬ ተንተባተብኩ። «ለምን አልጠየቅሻትም? አሁን ጠይቂያት! እዚሁ! በእንግሊዝኛ!» የምትለዋን ብቻ ነው ደጋግሜ መናገር የቻልኩት።

«እንዲህ አይሆንም» አለች ርእሰ መምህርቷ። «የቤተሰቡ ሽማግሌ ትናንት እዚሁ ክፍል ውስጥ ይቅርታ ጠይቀዋል። በአንድ ቀን ሁለት ቃል እንዴት ይሆናል?»

ዶሪትም ወደ አባየ ዞራ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው፦ «ሳባ! ትናንት ይቅርታ ብለሃል፣ አይደል?» አለቻቸው፤ ሳባ አያት ማለት ነው። በዕብራይስጥ አንቱ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ድምፅ ግን አለ። ለሌላ አያት እንደዚያ አትጮህም።

አባየ ቀስ ብለው ወደ ባየች ዞሩ። «ልጄ፣ ትናንት እኔ ‹ይቅር በሉን› ስል ይህች ሴት ምን ነበር ያለችው?»

«ቤሰደር አለች አባቴ።»

«ቤሰደርን አውቃታለሁ፤ እሺ ማለት ናት። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«‹እኔንም ይቅር በሉኝ› አላለችም?»

ባየች ፊቷ ቀላ። «አላለችም።»

«ያችኛዪቱስ፣ አለቃዋ?»

«አላለችም አባቴ።»

«ታዲያ እኔ ለብቻዬ ነው ይቅርታ ስል የነበረው?»

ርእሰ መምህርቷ «ምን አሉ?» እያለች ባየችን ታያለች። አባየ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ በሕይወቴ ከሽማግሌ አፍ ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ሰማሁ።

«በእኛ ወግ ይቅርታ ሁለት እጅ አለው። እኔ የእኔን ሰጥቻለሁ፤ እናንተ የእናንተን አልሰጣችሁኝም። ያልታረቀ ሰው ዘንድ የእኔ ይቅርታ አይቀመጥም። ይቅርታዬን መልሱልኝ። ልጅቷ አላጠፋችም። ተርጉሚ!»

ባየች ወደ ርእሰ መምህርቷ አየች።

«ተርጉሚ እንጂ!»

ተረጎመች። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ትናንቱ አይደለም። ሥርዓቱን ከነምክንያቱ፣ ሽማግሌ ባላጠፋው ለምን ይቅርታ እንደሚል፣ ከዶሪት ምን ይጠበቅ እንደነበር፣ ሁሉንም ተናገረች። «ይህን ትናንት መንገር ነበረብኝ» አለች በመጨረሻ። እንጀራዬ ነው ያለችው ሴት! ያን ቀን በግማሽ ልብ ይቅር አልኳት።

ርእሰ መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲህ ቤተሰቡ ካላመነ እጃችን ላይ ማስረጃ የለም» አለች። «ዶሪት፣ ጠይቂያት።»

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን።»

ዶሪት መነጽሯን አደረገችና በእንግሊዝኛ ጀመረች። አንድ ቃል አልገባኝም፤ «ዊዝ» ስትመጣ ብቻ አውቃታለሁ። የሊያትን ፊት ነበር የማነበው። መጀመሪያ ድምጿ ጠፋ። ዶሪት ጥያቄውን ፈጠን አድርጋ ደገመችው። ወይኔ ልጄ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሊያት አንድ ነገር መለሰች፤ አጭር። ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ረዘም አድርጋ መለሰች። «ሚድ» የምትለዋን ሰማኋት፣ «ሚድዋይፍ» የምትለዋንም። እጇ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ልጄ ነገሩን ስታውቀው በእጇም ነው የምታወራው። ዶሪት አንድ ቃል ጠርታ «ይህስ?» የምትል ዓይነት ነገር አለች፤ ሊያት ሳቅ ብላ መለሰችላት። በኋላ እንደነገረችኝ ጥያቄው ጽሑፉ ውስጥ ያልነበረ፣ ለማጥመድ የመጣ ነበር።

በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሃል በድንገት «ተጣላሁ» አለች። ቀጥላ «ታረቅሁ»። አባየ ቀና አሉ። «የኔን ቤት ነው የምታወራው?» ብለው ጠየቁኝ በሹክሹክታ። አንገቴን ነቀነቅሁላቸው።

ዶሪት መነጽሯን አወለቀች። «ቤሰደር» አለች። በቃ። ከአፏ የወጣው ያው ነው።

«አምስት ውስጥ ትቀጥላለች» አለች ርእሰ መምህርቷ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። «እንኳን ሁሉም በሰላም አለቀ። ያላ ሊያት፣ ዶሪትን ጨብጫት፤ ይህን ምዕራፍ እንዝጋ።»

ዶሪት እጇን ዘረጋች። ሊያት አልተነሣችም። ዞራ አያቷን አየች። ሁላችንም አየናቸው። ሰው የተዘረጋ እጅ ሲተው አባየ ዝም ብለው አያውቁም። «ጨብጫት ልጄ፤ ትልቅ ናት» እንዲሉ ነበር የጠበቅሁት። ሌላ ቀን ቢሆን ይሉ ነበር።

«መጀመሪያ ቃሏን እንስማ» አሉ።

ባየች ተረጎመች። ዶሪት እጇን ሰበሰበች። «በምን ምክንያት? ሥራዬን ነው የሠራሁት። መጠርጠር ግዴታዬ ነው።» ወደ ሊያት አየች፤ የአዘኔታው ፊት የለም። «ውጤትሽን አግኝተሻል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «ክፍል አለኝ» ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ርእሰ መምህርቷ የግድግዳውን ሰዓት አየችና «እሷም ደክሟታል፤ ነገሩን አናክብደው» አለች።

አባየ ለባየች «አልታረቅንም ብለሽ ንገሪያት» አሉ። «ቂም አልያዝኩም፤ ግን አልታረቅንም።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ አባየ ቆሙ። ወደ ሊያት ዞረው፣ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ትናንት ቢሮ ውስጥ እንደቆሙት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ መንገደኛ እያየ፣ አውቶቡስ እያለፈ።

«ሳልሰማሽ በስምሽ ተናገርኩ። ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

ሊያት ምን እንደሚባል አላወቀችም። ሽማግሌ ለልጅ ጎንበስ ሲል አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁም። አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ቢሮ ውስጥ አምቃው የነበረውን ልቅሶ አወረደችው። እሳቸውም አለቀሱ። እኔ ዱላውን ይዤ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ።

ማታ ሙላት ከኤላት ሲመለስ ደስታዬን ልነግረው ጀመርኩ። «አሸነፍን!» አልኩት። ሊያት ከክፍሏ ወጥታ «ምኑን ነው ያሸነፍነው ኢማ?» አለችኝ። «ሌሎቹ ወረቀታቸውን ሰጥተው ቤታቸው ሄዱ። እኔ ብቻ ነኝ ሁለት ጊዜ የተፈተንኩት።» የደስታዬን ጣዕም ይዛብኝ ሄደች፤ እውነቷን ስለሆነ ግን አልተቆጣኋትም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተለወጠውን ልንገራችሁ። አባየ ሽምግልናቸውን አልተዉም። እንደፈሩት ሰው አልራቃቸውም፤ «ለልጃቸው ሲሉ ቃላቸውን አነሡ» ብሎ ጭራሽ ያከብራቸው ጀመር። ግን አሁን ሰው ሲመጣባቸው ይቅርታ ከማለታቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጆቹን ሰምታችኋቸዋል?» ይላሉ። ባየችም ተለውጣለች። አንዳንዴ ደውላ «ፈንታ፣ ዛሬ ከነሥርዓቱ ተረጎምኩ» ትለኛለች። አለቆቿ ተቆጥተዋት ነበር አሉ፤ እሷ ግን አልተወችውም። እኔም ብሆን ከዚያ ቀን በፊት ትምህርት ቤት ስጠራ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገቴን ደፍቼ ነበር የምገባው። አሁን ቀጥ ብዬ እገባለሁ።

እናንተም በልጃችሁ ጉዳይ ትምህርት ቤት ስትጠሩ ሂዱ። ሰላምታችሁን ስጡ፣ ተቀመጡ፣ «ምን ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። የልጃችሁን አፍ ሳትሰሙ «ይቅርታ» አትበሉ። ጨዋነት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ጨዋነት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ግን ጨዋነቱን የሚያውቅ ሰው ፊት ነው ጨዋነት የሚሆነው። የማያውቅ ሰው ፊት ልጃችሁን በገዛ እጃችሁ አሳልፋችሁ መስጠት ነው።

ሊያት አምስቱን ጨርሳ፣ ያውም በጥሩ ውጤት፣ አሁን ወታደር ቤት ናት፤ ሕክምናውን ከዚያ በኋላ ትሞክራለች። ዓመቱን ሙሉ ከዶሪት ፊት ለፊት የመጀመሪያው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው።

ዶሪትን አልፎ አልፎ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል፣ አትክልቱ ጋ አገኛታለሁ። ባለፈው ሳምንት ቲማቲም እየመረጠች ነበር። አይታኝ ፈገግ አለችና «ሰላም ነሽ? ሊያት እንዴት ናት?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኳት። ዝም ብዬ ፊት ለፊቷ ቆምኩ፤ ጊዜ ልስጣት ብዬ። ሁለት ቲማቲም ጨመረች፣ ፌስታሏን ቋጠረች፣ «ሰላምታ ንገሪልኝ» ብላ ጋሪዋን እየገፋች ሄደች። እኔም ቲማቲሜን ሳልገዛ ተመለስኩ።